የጎሽ ባሕር ጋቢ ያዥ

ግንበኛው ላቀው የቁስቋም ሰው ነው። ከፒያሳ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ቁስቋም የሚወጣ ሰው በግራም በቀኝም ከሚያየው የድንጋይ አጥር ውስጥ ብዙው የላቀው እጅ ያረፈበት ነው። ሲገነባ አይቸኩልም። ቱምቢውን ይጥላል፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፣ ካልቀናለት ያፈርሰውና እንደገና ይጀምራል። ሲናገርም እንደዚያው ነው። ቂም ሲይዝም እንደዚያው ነበር።

ከሰፈሩ በታች፣ ወንዙ ከገደል ሥር ተጠራቅሞ የሚተኛበት ጥልቅ ውሃ አለ፤ ጎሽ ባሕር ይሉታል። በክረምት ደፍርሶ ያስፈራል። በጥር ግን ይጠራና ግቡ ግቡ ይላል። የጥምቀት ማግሥት፣ በቃና ዘገሊላ፣ ታቦቱ ከተሸኘ በኋላ የሰፈሩ ጎረምሶች ወደዚያ ይወርዳሉ። በኖራ የተለቀለቀ ድንጋይ ወደ መሀል ይወረወራል። ጠልቆ ያወጣው ሰው ዓመቱን ሙሉ ስሙ ሲነሣ ይከርማል።

ለዚህ ጨዋታ አባቶች ያወጡት ሕግ አለ። ጠላቂ ብቻውን አይገባም። ጋቢውን አውልቆ ለሚያምነው ሰው ይሰጣል፤ ያ ሰው ጋቢ ያዥ ይባላል። ጋቢ ያዥ ጋቢውን ታቅፎ፣ ዓይኑን ከውሃው ሳይነቅል ይቆማል። ጠላቂው ከዘገየ ዘሎ ይገባል፤ ሲወጣም ጋቢውን በገዛ እጁ ያለብሰዋል። ጋቢው ያልተመለሰለት ሰው ከውሃው እንዳልወጣ ይቆጠራል። ደግሞም «ጋቢህን ልያዝልህ» ብሎ በሰው ፊት እጁን የዘረጋን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። እምቢ ያለ «በመካከላችን ደም አለ» ብሎ በገዛ አፉ መሰከረ ማለት ነው።

የላቀው ታናሽ ወንድም አምሐ ዲያቆን ነበር። ድምፁ ያማረ፣ ሳቂታ፣ የእናቱ የእማማ እጅጋየሁ የዓይን ብሌን። ጓደኛው ምናለ ነበር። አብረው ፊደል ቆጥረዋል፣ አብረው በወንዙ ተንቦጫርቀዋል። አምሐ በዚያ ክፉ ዓመት ጋቢውን የሰጠው ለእሱ ነበር፤ ለሌላ ሰው መስጠት በሐሳቡም አልመጣም።

ጎረምሶቹ ከመጥለቃቸው በፊት ትንፋሽ መጫን የሚሉት ነገር ነበራቸው። ቶሎ ቶሎ፣ በኃይል እያስገቡ እያስወጡ ይተነፍሳሉ። ጣታቸው ሲነዝርና ራሳቸው ሲዞር «ደረቴ ሞላ» ብለው ይዘላሉ። አምሐም እንደዚያ አደረገና ገባ። ድንጋዩንም አገኘው። ይዞት ወደ ላይ ሲመጣ፣ ከውሃው ፊት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ድንጋዩ ከእጁ ወደቀ።

ምናለ ይህን አላየም። የአምሐን ጋቢ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ፣ ከሴቶቹ ጋር ይሳሳቅ ነበር። «አምሐስ?» ብሎ አንድ ሰው ሲጠይቅ ነው የዞረው። ፊቱ አመድ መሰለ። ያን ጊዜም ቢዘል በደረሰ ነበር። እሱ ግን እጁን ዘርግቶ ጮኸ።

«ጋኔን ያዘው! ማንም እንዳይገባ! መስቀል ይምጣ!»

ጎሽ ባሕር ሰው ይወዳል እየተባለ ሲወራበት የኖረ ውሃ ነው። ሰዉ ባለበት ደርቆ ቀረ። አንዱ ወደ መምሬ ወልደ ገብርኤል ሮጠ። መምሬም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቁልቁል እየሮጡ፣ ገና ከሩቅ ጮኹ።

«ልጁን አውጡት እንጂ! መስቀሉ ይዋኛል ወይ?»

ላቀው ታቦት ሸኝቶ ሲመለስ ጩኸቱን ሰማ። እንደለበሰ ዘሎ ገባ። ወንድሙን አገኘው፤ ትንፋሹን ግን አላገኘውም።

ከሞቱ የባሰ ደግሞ በለቅሶው መጣ። ሰው ሁሉ ምናለን በጎሪጥ ሲያየው፣ ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቶ አንድ ቃል ወረወረ። «ምን ላድርግ? አረቄ ቀምሶ ነው የገባው። ብለምነው እምቢ አለኝ።» ቃሉ ከድንኳኑ ወጥቶ ሰፈሩን አዳረሰ። ዲያቆን፣ ለዚያውም በጥምቀት ሰሞን፣ ሰክሮ ውሃ ገባ ተባለ። አብረውት ያገለገሉት ሳይቀሩ ስሙን ማንሣት አፈሩ።

እማማ እጅጋየሁ ወሬውን የሰሙ ዕለት አላለቀሱም። ምናለ ወንዙ ዳር ጥሎት የተገኘውን የአምሐን ጋቢ ከነአሸዋው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

«ይህ ጋቢ አይታጠብም» አሉ። «ከዚህም የሚወርደው ተተኪ ሲያገኝ ነው። ሰምተሃል ላቀው?»

«ሰምቻለሁ እማ።»

«መስማትማ አጥሩም ይሰማል።»

ላቀው ጠመንጃ ነበረው። አንድ ማለዳ ወልውሎት ደጃፍ ድረስ ወጥቶ ተመለሰ። ፈርቶ አይደለም። ጥይት ምናለን ይገድለዋል፤ ወሬውን ግን አይገድለውም። ምናለ ቢሞት «የሰካራም ወንድም ንጹሕ ሰው ገደለ» ነው የሚባለው። ጠመንጃውን ቆጥ ላይ መልሶ ሥራው ሄደ።

ለዕርቅ ሽማግሌ ተላከ፤ ላቀው መለሰ። ደግመው ላኩ፤ መለሰ። በመጨረሻ መምሬ ወልደ ገብርኤል ራሳቸው የቤተ ክርስቲያኑን የውጭ አጥር ሲጠግን አገኙት።

«ላቀው ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

«አውቃለሁ አባ። ስለዚህ ነው የማልጸልየው።»

እውነቱን ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ከአጥሩ ወዲህ ቆሞ ይሳለማል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። የፈረሰውን ሁሉ በውጭ በኩል እየጠገነ፣ በር ላይ ሲደርስ ይመለሳል።

እንዲህ ሲኖር ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንድ የግቢ አጥር እንዲሠራ ተቀጠረ። ግቢው ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖር ማርያማዊት የምትባል ሐኪም ነበረች። ጅቡቲ ለሥራ ሄዳ ሳለ ባሕር መጥለቅ ተምራለች፤ አየር የተሞላ ዕቃ በጀርባ አዝሎም፣ ያለ ዕቃ በትንፋሽ ብቻም። ይህን ከአከራይዋ ሲሰማ ላቀው መዶሻውን አስቀመጠ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጋኔን ውሃ ውስጥ ሰው ይይዛል?»

«እኔ አይቼ አላውቅም አያ ላቀው። ራሱን የሳተ ሰው ግን አይቻለሁ። ምነው?»

ነገራት። ስለ ትንፋሽ መጫኑ ሲደርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ደረታቸው የሞላ ይመስላቸዋል» አለች። «ግን አይሞላም። ተንፍስ ተንፍስ እያለ የሚያስጨንቀን በሰውነታችን የሚጠራቀመው የተቃጠለ አየር ነው። ደወላችን እሱ ነው። ቶሎ ቶሎ ሲተነፍሱ ደወሉን አውጥተው ይጥሉታል። ከዚያ ውሃ ውስጥ ምንም አይጨንቃቸውም፤ እንዲያውም ይደላቸዋል። እንደደላቸው መብራቱ ድርግም ይላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ሊወጡ ሲሉ ነው፣ አፋፉ ላይ።»

«ከዚያስ?»

«አጠገቡ የሚያይ ሰው ካለ ይተርፋል። ቶሎ ፊቱን ከውሃ ማውጣት፣ ፊቱ ላይ እፍ ማለት፣ ጉንጩን መታ መታ አድርጎ በስሙ መጥራት። ብዙው ይነቃል። ካልነቃም አፍ ለአፍ ይተነፈስለታል። ሰው ከሌለ ግን…»

«ሰው ነበረ» አለ ላቀው።

ያን ቀን ሥራ አልሠራም። ጋኔን ቢሆን ኖሮ ይሻለው ነበር፤ ጋኔንን ማን ይከሰዋል? አሁን ግን ነገሩ እንደ ቱምቢ ክር ቀጥ ብሎ ታየው። ወንድሙን ውሃ አልገደለውም። የገደለው የዞረ ጀርባ ነው። ከጀርባውም የባሰ፣ ጀርባውን ለመሸፈን የተጮኸው ጩኸት ነው።

አጥሩ እስኪያልቅ ማርያማዊትን እየጠየቀ ተማረ። ከዚያ ጎሽ ባሕር ወረደና ከጎረምሶቹ መሀል ቆመ። መጀመሪያ ሳቁበት። እሱ ደግሞ የሳቀውን ሁሉ ጋቢ እየነጠቀ ወደ ቤቱ ሰደደ።

«ትንፋሽ የሚጭን እዚህ አይገባም። አህያ ነው የሚጫነው» ይላቸዋል። «ረጋ ብለህ ተንፍስ፤ አንዴ ሙላና ግባ። ጆሮህ ሲያምህ አትታገለው፤ አፍንጫህን ይዘህ እፍ በል፤ እምቢ ካለህ ተመለስ። ጉንፋን የያዘው እሳት ይሙቅ። ጫት የቃመ፣ ጠላ የቀመሰ ዳር ተቀምጦ ያጨብጭብ። ሆድህ መንፈራገጥ ሲጀምር ድንጋዩን ተወው፤ ድንጋይ የትም አይሄድም። ከወጣህ በኋላ ውሃ ውስጥ ከቆየኸው አብልጠህ ዕረፍ። አንተ ደግሞ ጋቢ ያዡ፣ ‹ወጣ› ብለህ ዓይንህን አትንቀል። ወጥቶ ከተነፈሰም በኋላ ይወድቃል። አፉን ከፍቶ ‹ደህና ነኝ› እስኪልህ ድረስ ያንተ ነው።»

ዓመታት አለፉ፤ ጎሽ ባሕር ማንንም አልወሰደም። ሰዉ «ለወንድሙ ነፍስ ብሎ ነው» እያለ መረቀው። ላቀው ምርቃቱን ይቀበላል፤ አያስተባብልም። በልቡ ግን አዳኝ ውሃ መውረጃ ላይ እንደሚያደባ ነበር ያደባው። ምናለ አንድ ቀን ወደዚህ ውሃ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ትዕቢቱ ይጎትተዋል።

ምናለ አሁን ፒያሳ ላይ ሆቴል ያለው፣ ሆዱ የሞላ፣ ሰው «አቶ» የሚለው ሆኗል። በየዓመቱ በቃና ዘገሊላ በማኪናው እየመጣ ከአለቱ ላይ ቆሞ ስለ ድሮ ጠላቂነቱ ያወራል። የአምሐን ነገር ሲያነሡበት ራሱን ነቅንቆ «መጠጥ ነዋ» ይላል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ላቀው ይህን ቃል በጆሮው በሰማ ቁጥር ጋቢውን አጥብቆ ከመልበስ በቀር ምንም አይልም ነበር።

በዚህ ዓመት ግን አለ።

ውሃው እንደ መስተዋት ጠርቶ ነበር። ነጩ ድንጋይ ተወርውሯል። ጎረምሶቹ በላቀው ሥርዓት እየተጠባበቁ፣ እያረፉ ሲገቡ ሲወጡ፣ ምናለ አማቾቹን አስከትሎ መጣና ከት ብሎ ሳቀ።

«ይህ ሁሉ ዕረፍት ምንድን ነው? ውሃ ልትገቡ ነው ወይስ አልጋ ልትይዙ? እኛኮ ሁለቴ ተንፍሰን ነበር የምናወጣው!»

«እውነት ነው» አለ ላቀው፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ምናለ ዋና አልረሳም። ምላሱ በየዓመቱ ይዋኛል።»

ሳቁ ወደ ምናለ ዞረ።

«እኔን ነው?»

«ሌላ በደረቅ የሚዋኝ ሰው አለ እንዴ?»

ጠላ ሻጯ ብርቱካንም ከማዶ ጨመረችበት። «ተወው ላቀው፤ ይህን ሆድ ይዞ መስጠም ቢፈልግስ መቼ ይሆንለታል!»

አማቾቹ እንኳ አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ምናለ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። ጫማውን አወለቀ፣ ሸሚዙን አወለቀ፤ ለበዓል የደረበውን ነጭ ጋቢ በእጁ ይዞ የሚሰጠው ሰው ፈለገ። ያን ጊዜ ላቀው ሁለት እጁን ዘርግቶ ፊቱ ቆመ።

«ጋቢህን ልያዝልህ።»

ከአለቱ ሥር የተቀመጡት መምሬ ወልደ ገብርኤል መቋሚያቸውን ይዘው ተነሡ። ምናለ የላቀውን ዓይን አየ፤ ሕዝቡን አየ። እምቢ ቢል ያን ሁሉ ዘመን የካደውን በአንድ ቃል ማመኑ ነው። ፈገግ ለማለት ሞከረና ጋቢውን አስረከበ።

ከውሃው ዳር ቆሞ ትንፋሽ መጫን ጀመረ። ደረቱ እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይሟሽሻል።

«ምነው ላቀው» አለች ብርቱካን ቀስ ብላ፣ «ልጆቹን የምትከለክለውን አይደል እንዴ የሚያደርገው?»

«ልጅ አይደለም» አለ ላቀው።

ምናለ ዘለለ። ሲወርድ ከላይ ይታያል። ቅባት የጠጣ ገላው በውሃው ውስጥ አነሰ፤ ነጩ ድንጋይ ላይ ደረሰ፤ ያዘው። እውነትም ጠላቂ ነበር። አማቾቹ እልል አሉ። ላቀው ግን እልልታውን አልሰማም። እያየ ነበር። ሰውየው ሲወጣ፣ ሲወጣ፣ ከውሃው ፊት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ፊቱ ላላ። እንደተኛ ሕፃን ላላ። ድንጋዩ ከእጁ ወጥቶ ወደ ጥልቁ ተመለሰ።

አምሐም እንዲህ ነበር የሆነው። ያን ቀን ይህን ያየ ዓይን አልነበረም፤ ዛሬ አለ። ላቀው ጋቢውን ታቅፎ ቆመ። ጋቢው ሽቶ ሽቶ ይላል። እግሩ አልተነቃነቀም። እንዲህ ቆሞ ዝም ቢል ማን ይከሰዋል? የሰው ሕግ አይደርስበትም። እናቱም ዛሬ ማታ እራታቸውን በሰላም ይበላሉ።

ያን ጊዜ ከኋላው አንድ ሰው ጮኸ።

«ጋኔን ያዘው! ጋኔን ነው!»

ጩኸቱ ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ያው ጩኸት፣ ያው ቃል። ላቀው ነገሩ እንደ ብልጭታ ገባው። ይህ ሰው አሁን ከሞተ ውሸቱ ይድናል። የአምሐ ስም ተቆልፎ ያለው በዚህ አፍ ውስጥ ነው፤ አፉ ውሃ ሞልቶት ከተቀበረ ስሙም አብሮ ይቀበራል። ከዚያ በኋላ ማን ይመሰክራል? ድንጋይ?

«አባ፣ ይያዙልኝ! ለማንም እንዳይሰጡ!» ብሎ ጋቢውን መምሬ ትከሻ ላይ ወርውሮ ገባ።

ምናለ ገና መስጠም መጀመሩ ነበር። በብብቱ ይዞ አወጣው፣ አገጩን ቀና አድርጎ ፊቱን ከውሃው በላይ ያዘ። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። እፍ አለበት። ጉንጩን መታው፤ ትንሽ ጠንከር ሳያደርገውም አልቀረም።

«ምናለ! ተንፍስ! ምናለ!»

ዝም። ላቀው አፉን አፉ ላይ ገጠመ። የደመኛውን አፍ። ትንፋሹን ሰጠው። እንደገና ሰጠው። ምናለ ተንፈራገጠ፣ አሳለ፣ በረጅሙ ሳበ። ጎረምሶቹ ተረባርበው ወደ ዳር ጎተቷቸው።

ከአለቱ ላይ ቁጭ ሲያደርጉት ጥርሱ ይንቀጫቀጭ ነበር። የጥር ነፋስ በእርጥብ ገላው ላይ ያፏጫል።

«ጋ… ጋቢዬን» አለ።

ላቀው ከመምሬ ትከሻ ላይ ጋቢውን አነሣ። አጠፈው። አላለበሰውም።

«የአምሐን ቃል ስጠኝ።»

«ብርድ ገደለኝ ላቀው፤ በእናትህ!»

«በእናቴ አትማጠን። እሷ እዚህ ብትኖር እንኳን ጋቢ ልትሰጥህ፣ ከውሃውም አታስወጣህም ነበር። የአምሐን ቃል ስጠኝ።»

ምናለ ወደ መምሬ ዞረ።

«አባ፣ ይዘዙልኝ እንጂ።»

«ጋቢ የሚመልሰው ያዡ ነው» አሉ መምሬ ወልደ ገብርኤል። «እኔ ያን ቀን በዘገየ እግሬ የመጣሁ ነኝ። አንተ ግን እዚህ ነበርህ። ተናገር።»

ምናለ አንገቱን ደፋ። በከንፈሩ አልጎመጎመ።

«ጮክ!» አለች ብርቱካን።

«አልጠጣም ነበር። አምሐ… ምንም አልቀመሰም። እኔ ነኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ስዞር… ፈራሁ። ጋኔን ያልሁት ፈርቼ ነው።»

ሽማግሎች ነጠላቸውን አደገደጉ፤ እንደ አዲስ ሐዘን። አምሐን የሚያውቁ ሴቶች ደረታቸውን መቱ። ምናለ እጁን ዘረጋ።

«እንግዲህ ስጠኝ። ብለኸኝ ተናገርሁ።»

ላቀው ጋቢውን ብብቱ ውስጥ ከተተ።

«ቃሉ የአምሐ ነው፤ መለስህለት። ጋቢው ግን የአንተ አይደለም። አንተ ከዚህ ውሃ መች ወጣህ?» ወደ አማቾቹ ዞረ። «ኮት ደርቡበትና ሐኪም ቤት ውሰዱት። ውሃ የዋጠ ሰው ቢነቃም ሳይታይ አያድርም። እንዲሞትብኝ አልፈልግም።»

ሽቅብ ሲወጣ መምሬ ተከተሉት። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርሱ ቆም አሉ።

«አሁንስ ትገባለህ?»

«ገና ነኝ አባ። ገና አልበረደልኝም።»

እማማ እጅጋየሁ ጩኸቱን ከሩቅ ሰምተው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጃቸው እየራሰ ሲመጣ አዩ፤ ብብቱ ውስጥ ያለውንም አዩ።

«ሞተ?»

«አልሞተም። አወጣሁት።»

«አወጣኸው?» ተነሡ። «እንግዲያ ምን ይዘህ መጣህ?»

ሁሉንም ነገራቸው። አንድም አላስቀረም፤ የምናለን ቃል ምናለ እንደተናገረው አድርጎ ነገራቸው። ምናለ በቃና ዘገሊላ ጋቢ ሳይደርብ ከሰው መሀል እንደወጣ፣ ከእንግዲህም በለቅሶ በሠርጉ ትከሻውን ያየ ሁሉ ምን እንደሚያስታውስ ነገራቸው። አሮጊቷ ግድግዳውን ተደግፈው ወደ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ተንጠራርተው የአምሐን ጋቢ ከተሰቀለበት አወረዱ። የደረቀው አሸዋ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ይህን አጥበዋለሁ» አሉ። «ያንን ወዲህ በል።»

የምናለን ጋቢ ተቀብለው በዚያው ምስማር ላይ ሰቀሉት። ጥቂት ራቅ ብለው አዩት፤ አንዱን ጫፍ ጎትተው አስተካከሉ።

«ሸጋ ነው» አሉ እማማ እጅጋየሁ። «ሞቶ ቢሆን አንድ ቀን ብቻ ነበር። ይኑር፤ በየቀኑ ይበርደው።»